ሰርቬዩ ቀይ በቀይ ሆኖ ሲመጣ

እንግሊዝ አገር አሮጌ ቤት ለመግዛት ከተነሳችሁ አንድ ቀን አንድ ኢሜይል ይደርሳችኋል። ዋጋ ተስማምታችኋል። ሞርጌጁም፣ ማለትም የባንኩ የቤት ብድር፣ መስመር ይዟል። ምናልባት መጋረጃ ሁሉ መምረጥ ጀምራችኋል። ከዚያ የቤቱ ምርመራ ሪፖርት፣ እዚህ ሁላችንም ሰርቬይ የምንለው፣ ዱብ ይላል። ስልሳ ሰባ ገጽ ነው። ስትከፍቱት ቀይ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ቀይ።

ይህን የምጽፈው ያንን ኢሜይል ከፍቶ ሆዱ ለተረበሸ ሰው ነው። እኔና ባለቤቴ ምሥራቅ ሎንደን፣ ዎልተምስቶው አካባቢ፣ ሪፖርቱ እንዲያ ሆኖ የመጣ ቤት ገዝተን እየኖርንበት ነው። ማንን ምን ብለን እንደጠየቅን፣ ምን እንደከፈልን፣ የቱን እንደፈራን የቱን እንደናቅን ልንገራችሁ። የምናገረው ስለ እንግሊዝ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ አሠራሩ ሌላ ነው፤ እዚያ በአብዛኛው ሪፖርቱን የሚያዘጋጀው ሻጩ ነው።

አዲስ አበባ ቤት ሲገዛ የሚፈራው ወረቀቱ ነው። ካርታው ትክክለኛ ነው ወይ? እዳና እገዳ አለበት? ወራሾቹ በሙሉ ፈርመዋል? ግድግዳውን አንኳኩቶ የሚገዛ ሰው እኔ አላየሁም። እዚህ ወረቀቱን ሶሊሲተሩ፣ ማለትም የግዢውን ሕጋዊ ጉዳይ የሚይዘው ጠበቃ፣ ይጨነቅበታል፤ ለእናንተ የሚተርፈው የግድግዳው ጭንቀት ነው። ለአባቴ በስልክ ብነግረው “መቶ ዓመት የቆመ ቤት አንቺን ጠብቆ ነው የሚወድቀው?” ብሎ ሳቀብኝ። ግማሽ እውነት አለው። የቀረውን ግማሽ ለማወቅ ነው ገንዘብ የምንከፍለው።

ሪፖርቱን ከማንበባችሁ በፊት ማን ለማን እንደሚሠራ ለዩ። ባንኩ የሚያስደርገው ግምት ሰርቬይ አይደለም። የባንኩ ሰው የሚያየው እናንተ መክፈል ቢያቅታችሁ ቤቱ ተሸጦ ብድሩን ይመልስ እንደሆነ ብቻ ነው። አንዳንዴ ቤቱ ድረስም አይመጣም፤ ኮምፒውተር ላይ አይቶ ይጨርሳል። ለእናንተ የሚሠራውን ሰርቬየር እናንተ ትቀጥራላችሁ። ሪክስ የሚባለው የሰርቬየሮች የሙያ ተቋም ሦስት ደረጃ አውጥቷል። ደረጃ 1 በጣም አጭሩ ነው። ደረጃ 2 በደህና ሁኔታ ላይ ላለ መደበኛ ቤት ነው። ደረጃ 3 ለአሮጌ ቤት፣ በየጊዜው ሲፈርስና ሲቀጠል ለኖረ ቤት ነው። የእኛ ቤት በ1890ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የተሠራ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ በረድፍ የቆመ የቪክቶሪያ ዘመን ቤት ስለሆነ ደረጃ 3 አስደረግን። ከ1,000 ፓውንድ ትንሽ ከፍ ያለ ወጣብን። ያማል። ግን ለእንዲህ ያለ ቤት በዚህ ላይ አትቆጥቡ።

አሁን ስለ ቀለሙ። አረንጓዴው 1 ነው፤ ምንም አያስፈልገውም ማለት ነው። ቢጫው 2 ነው፤ መጠገን አለበት፣ ግን አያስቸኩልም። ቀዩ 3 ነው። ቀዩ ምን እንደሚል ግን ልብ በሉ። ከባድ ጉድለት አለ፣ ወይም በአስቸኳይ መጠገን፣ መተካት ወይም መመርመር አለበት ነው የሚለው። “መመርመር” የምትለዋ ቃል ናት ብዙ ሰው ሳያያት የሚያልፋት። የእኛን ቀዮች ስንለያቸው ግማሽ ያህሉ “ተበላሽቷል” ሳይሆን “አላየሁትም፣ የሚያይ ሰው አምጡ” የሚሉ ነበሩ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰርቬየሩ ምንጣፍ አያነሳም። ቁምሳጥን አይገፋም። ግድግዳ አይቆፍርም። ኤሌክትሪኩንና ጋዙን አይፈትሽም። የቅርብ ጊዜ የምርመራ ወረቀት ካላየ ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ ላይ ቀይ ለጥፈው ያልፋሉ። በኋላ ክስ እንዳይመጣባቸው ራሳቸውን መጠበቃቸውም ነው፤ አልፈርድባቸውም።

ስለዚህ ሪፖርቱ በመጣ ማግስት ሰርቬየሩ ጋ ደወልኩ። ይህ ከሁሉ በላይ የጠቀመን ነገር ነው፤ ደግሞም ነፃ ነው። ሰው በጽሑፍ የማይለውን በስልክ ይላል። “ከእነዚህ ቀዮች ውስጥ አሮጌ ቤት ሁሉ ላይ የምትጽፋቸው የትኞቹ ናቸው? ይህ ቤት ላይ ብቻ ያሳሰበህስ የቱ ነው?” አልኩት። ኤሌክትሪኩን፣ ቤቱንና ውሃውን የሚያሞቀውን ቦይለርና ኮርኒሱ ላይ ያለውን አሮጌ ቅብ ባንድ ትንፋሽ አሳለፋቸው። ቅቡ አስቤስቶስ፣ ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ የድሮ የግንባታ ማዕድን፣ ሊኖርበት ይችላል ተብሎ ነበር የተጻፈው። አስቤስቶስ እንግሊዝ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የታገደው በ1999 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተቀባ እንዲህ ያለ ቅብ ሁሉ ይጠረጠራል። ካልቆፈራችሁትና ካልፋቃችሁት ባለበት መተው ይቻላል። ለማደስ ስትነሱ ግን አስቀድማችሁ አስመርምሩት።

ከዚያ ድምፁን ቀየር አድርጎ “እኔ ብሆን ወጥ ቤቱን አያለሁ” አለኝ። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ትልቁ ቀይ እርጥበት ነበር። ምድር ቤት ላይ ፊት ለፊቱና ጎኑ፣ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ፣ የእርጥበት መለኪያ መሣሪያው ጮኸ ይላል። “ከመሬት የሚወጣ እርጥበት ሊሆን ይችላል፣ ልዩ ባለሙያ ያስመርምሩ።” ይህን ዓረፍተ ነገር ሎንደን ውስጥ አሮጌ ቤት የገዛ ሁሉ ያውቀዋል።

ቤቱን የሚያሻሽጠው ኤጀንት ወዲያው “በነፃ የሚመረምሩ ሰዎች አውቃለሁ” አለን። እዚህ ላይ ቆም በሉ። በነፃ የሚመረምረው ድርጅት መድኃኒቱን የሚሸጠው ድርጅት ነው። ሰውየው መጣ፣ ባለ ሁለት ጥርስ መሣሪያውን ግድግዳው ላይ እየተከለ ዞረ፣ በየቦታው ቲር አለ። ግድግዳውን በስቶ ኬሚካል ለመርጨት፣ ልስኑን አንስቶ እንደገና ለመለሰን 6,800 ፓውንድ ጻፈልን። ከ20 ዓመት ዋስትና ጋር።

እኔ የማምነው ሌላ መንገድ ነው። ምንም የማይሸጥ፣ ለምርመራው ብቻ የሚከፈለው የእርጥበት ባለሙያ ፈልጉ። እኛ 400 ፓውንድ ከፈልን። እሱ ሲመጣ ወዲያው ቤት አልገባም፤ ግማሹን ሰዓት ያሳለፈው ውጭ ነው። ያገኘውንም ውጭ ነው ያገኘው። የቀድሞ ባለቤቶች ግቢውን ኮንክሪት ላይ ኮንክሪት ሲያፈሱ መሬቱ ከፍ ብሏል። ግድግዳው ውስጥ እርጥበት እንዳያልፍ የተነጠፈው ንጣፍ ከውጭው መሬት ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ የእኛ ጭራሽ ተቀብሯል። ወለሉ ሥር አየር የሚያስገቡት ቀዳዳ ያላቸው ጡቦችም እስከ ወገባቸው ተቀብረዋል። ጥግ ላይ ያለው የአሸንዳ ቧንቧ ተሰንጥቆ ዝናብ በመጣ ቁጥር ግድግዳውን ያጥበዋል።

ሌላው ጉድ የጡቡ መገጣጠሚያ ነው። እነዚህ ቤቶች ክፍተት የሌለው ድፍን የጡብ ግድግዳ ነው ያላቸው፣ ውፍረቱ 23 ሴንቲሜትር ገደማ። ሲሠሩ የተያያዙት በኖራ ነው። ኖራ ውሃ ይጠጣል፣ መልሶም ይተፋል። ግድግዳው የሚደርቀው በዚህ ነው። ጎንደርን ያየ ሰው ኖራን አይንቅም፤ የፋሲል ግንብ የቆመው በኖራ ነው። የእኛን ቤት ግን አንዱ ብልህ ነኝ ባይ መገጣጠሚያውን በሲሚንቶ ደፍኖታል። የገባው ውሃ መውጫ አጣና ወደ ውስጥ ዞረ።

መሣሪያው ለምን ጮኸ ታዲያ? ያ ባለ ሁለት ጥርስ መሣሪያ የተለካው ለእንጨት ነው። የሚለካው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያልፍ ነው። አሮጌ ልስን ውስጥ የተጠራቀመ ጨው ካለ ግድግዳው ያን ያህል ባይረጥብም ቁጥሩ ይዘላል። እንጨት ላይ ግን ቁምነገር አለው። ስለዚህ ባለሙያው ሻጩን አስፈቅዶ የምንጣፉን ጥግ ገለጥ አደረገና የወለሉን ተሸካሚ እንጨቶች ጫፍ ለካ። እንጨት እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ መበስበስ ሊጀምር ይችላል። የእኛ ሁለቱ እንጨቶች ጫፋቸው ተበልቷል፤ ሌሎቹ ደህና ናቸው። ሻጩ ምንጣፍ ማስነሳት ግዴታ የለበትም። ግን በጨዋ ደንብ ከተጠየቀ ብዙው እሺ ይላል፤ እንቢ ካለ ደግሞ እሱም መልስ ነው።

የሱ መፍትሔ ኮንክሪቱን ቆርጦ መሬቱን ዝቅ ማድረግ፣ የአየር ጡቦቹን መክፈት፣ አሸንዳውን መቀየር፣ ሁለቱን እንጨቶች መጠገን፣ ሲሚንቶውን በጥንቃቄ ፍቆ በኖራ መልሶ መሙላት ነበር። ኬሚካል የለም። ግምቱ 3,200 ፓውንድ ገደማ። ከ6,800 ጋር አስተያዩት። ደግሞም በ6,800ው ኬሚካሉን ብንረጭ ኖሮ የተሰበረው አሸንዳ እዚያው ነው።

የእርጥበቱ ባለሙያ ሌላም ነገር ነገረን። “እናንተ ስትገቡ ምን ታበስላላችሁ?” ብሎ ጠየቀኝ። ስለ እንጀራ አስረዳሁት። በየሳምንቱ ምጣድ ተጥዶ እንፋሎቱ ሲወጣ፣ ወጡ ሲንተከተክ፣ ክረምት ላይ ልብስ ራዲያተር ላይ ሲደርቅ ያ ውሃ ሁሉ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ነው የሚያርፈው። ሻጋታው ከዚያ ይመጣል። ወጥ ቤት ውስጥ እውነተኛ፣ ወደ ውጭ የሚያወጣ የአየር መሳቢያ አስገቡ አለን። እንፋሎቱን አጣርቶ መልሶ ቤት ውስጥ የሚለቀው ዓይነት ለእኛ ማዕድ ቤት ጥቅም የለውም።

ስንጥቁ ሌላው እንቅልፍ የነሳን ነገር ነው። ወደ ውጭ ወጣ ያለው የሳሎኑ መስኮት ከዋናው ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት በኩል ከላይ ወደ ታች መስመር አለ። ሎንደን የተቀመጠችበት ሸክላ አፈር ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲረጥብ ያብጣል። ትልቅ ዛፍ አጠገብ ካለና በጋው ደረቅ ከሆነ መሠረቱ ሊሰምጥ ይችላል። የ1976ቱ ድርቅ እስካሁን ይወራል፤ ከ2018 እና ከ2022 በጋ በኋላም የኢንሹራንስ ጥያቄው በዝቶ ነበር። በራችን ላይ ደግሞ የካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ትልቅ ዛፍ ቆሟል። ባለቤቴ ሌሊት ተነስቶ ስለ ዛፍ ሥር ያነብ ነበር።

ለስንጥቅ ሰርቬየር አይበቃም፤ የቤቱን ጥንካሬ የሚመረምር ስትራክቸራል ኢንጂነር ነው የሚያስፈልገው። ቻርተርድ፣ ማለትም በሙያ ተቋሙ የተመሰከረለት፣ መሆኑን አረጋግጡ። እሱም የጥገና ሥራ የሚሸጥ መሆን የለበትም። የእኛ 600 ፓውንድ ወሰደ። ስፋቱን ለካው፤ ከ2 ሚሊሜትር በታች ነው። ውስጡ አሮጌ ቀለም አለ፣ ማለትም ስንጥቁ ከተቀባ በኋላ አልሰፋም። ከውስጥ በኩል ተከታዩ የለም። በሮቹ በደንብ ይዘጋሉ። እነዚህ የመስኮት ግንቦች ብዙ ጊዜ ከቤቱ ጥልቀት የሌለው መሠረት ላይ ስለሚቀመጡ ድሮ ትንሽ ተንቀሳቅሰው ቆመዋል አለን። እንዲያ ከሆነ ይሞላል፣ ይቀባል፣ ያበቃል።

የሚያስፈራው ስንጥቅ የቱ ነው ብዬ ጠየቅኩት። ሰያፍ የሄደ፣ ላዩ ሰፍቶ ታቹ የጠበበ፣ ከ3 ሚሊሜትር በላይ የሆነ፣ ከውጭም ከውስጥም የሚታይ፣ በርና መስኮት አጠገብ የሚጀምር። ይህ ሁሉ አንድ ላይ ከተገኘ ሞርጌጁም ኢንሹራንሱም አደጋ ላይ ነው። ዛፉን በራሳችሁ ለማስቆረጥ እንዳታስቡ፤ የእናንተ አይደለም፣ ደግሞም ትልቅ ዛፍ በድንገት ሲቆረጥ አፈሩ ውሃ መልሶ ይዞ ያብጣል፣ ቤቱን ከሥር ይገፋል።

ኢንጂነሩን ካመጣችሁት አይቀር ሁሉንም አሳዩት። ጣሪያችን መሀሉ ትንሽ ሰርጎ ነበር። ድሮ በቀላል ድንጋይ ተሸፍኖ የነበረው በኮንክሪት ንጣፍ ተቀይሯል፤ ያ ደግሞ በጣም ይከብዳል። እንጨቱን የሚያጠናክር ድጋፍ ይጨመርበት ብሎ በዚያው ቀን ጨረሰው።

አሁን ወጥ ቤቱ። ሰርቬየሩ ፍንጭ የሰጠኝ ነገር ሪፖርቱ ላይ ቀለም እንኳ አልነበረውም። መጨረሻ አካባቢ “ለሶሊሲተርዎ” በሚለው ክፍል ሁለት መስመር ብቻ ናት። “የወጥ ቤቱ የጭስ ማውጫ ግንብ ተነስቷል፤ ፈቃዱን ያጣሩ።” አሮጌ ቤት ውስጥ ከምድጃው ተነስቶ እስከ ጣሪያ የሚወጣ ወፍራም የጡብ ግንብ አለ። ሰዎች ወጥ ቤት ለማስፋት የታችኛውን ያፈርሱታል። የላይኛው ግን መኝታ ቤቱ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ብዙ ኩንታል ጡብ ነው። በምንድን ነው የተንጠለጠለው?

ሶሊሲተራችን ጠየቀች። ሻጩ “እኛ ስንገዛውም እንዲሁ ነበር” አለ። ወረቀት የለም። የሻጩ ሶሊሲተር ኢንደምኒቲ የሚባል ኢንሹራንስ እንገዛላችኋለን አሉ፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ አንዴ ይከፈላል፣ ሁሉም ይገላገላል። ይህን በደንብ አንብቡት። ያ ኢንሹራንስ የሚሸፍነው ካውንስሉ ያለፈቃድ ተሠርቷል ብሎ ቢመጣባችሁ ነው። ጡቡ ቢወርድ አይሸፍንም። ለመጠገኛም ሳንቲም አይሰጥም። ደግሞም ገና ሳይገዛ ካውንስሉ ጋ ደውላችሁ “ስለዚህ ነገር ፋይል አላችሁ?” ካላችሁ ኢንሹራንሱን ላታገኙት ትችላላችሁ። ስለዚህ ካውንስል ከመደወላችሁ በፊት ሶሊሲተራችሁን አናግሩ።

እኛ ወረቀቱን ትተን ጡቡን ለማየት ወሰንን። ኢንጂነሩ ኮርኒሱ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ እንዲከፈት ጠየቀ፤ መልሰን ልናስደፍን ተስማምተን ሻጩ ፈቀደ። ብረት የለም። ሁለት እንጨት ነው የተሸከመው፣ አንዱ ጎብጧል። ሪፖርቱ ውስጥ ካሉት ቀዮች ሁሉ ይልቅ አስቸኳዩ ይህ ቀለም የሌለው ነገር ሆኖ ተገኘ። ጡቡን የሚሸከም የብረት ቢም ይግባ፣ የሂሳብ ስሌቱን እኔ እሠራለሁ፣ የካውንስሉ የግንባታ ቁጥጥር ያጽድቀው አለ። ግምቱ 4,800 ፓውንድ። የጭስ ማውጫው ከጎረቤት ጋር የጋራ በሆነው ግድግዳ ላይ ከሆነ ደግሞ በ1996ቱ የጋራ ግድግዳ ሕግ መሠረት ለጎረቤቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ይመጣል። እሱ ጊዜ ይወስዳል፤ ከወዲሁ አስቡበት።

የቀሩትን ቶሎ ልለፋቸው። ኤሌክትሪኩን በኤሌክትሪሺያን አስፈተሽን። ውጤቱ በኮድ ነው የሚመጣው፤ ሲ1 አሁኑኑ አደጋ አለ ማለት ነው፣ ሲ2 አደጋ ሊሆን ይችላል፣ ሲ3 ቢሻሻል ይመረጣል። የእኛ የፊውዝ ሳጥኑ ብቻ መቀየር ነበረበት። የፍሳሽ መስመሩን በካሜራ አስፈተሽን። ከሌላ ቤት ጋር የምትጋሩት የፍሳሽ መስመር ከጥቅምት 2011 ጀምሮ በአብዛኛው የውሃና ፍሳሽ ኩባንያው ኃላፊነት ነው፤ ስለዚህ ስንጥቁ የት ላይ እንደሆነ ማወቅ ማን እንደሚከፍል ማወቅ ነው። እንጨት ላይ ያሉ የነቀዝ ቀዳዳዎች አሮጌ ከሆኑ ግድ የለም። ሥራቸው ትኩስ ዱቄት ካለ ነው ነቀዙ በሕይወት ያለው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የእኛ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ “ቃል ገብቻለሁ፣ እንዴት ቀንስልኝ እላለሁ” ብሎ ያፍራል። ሌላው መርካቶ እንደገባ ሰው ከግማሽ ይጀምራል። ሁለቱም እዚህ አያዋጣም። ኤጀንቱ ደላላ ነው፤ የሚከፍለው ሻጩ ነው። ስንደውልለት ያለው “አሮጌ ቤት ነው፣ ዋጋው ይህን ሁሉ አስቦ ነው የወጣው” ነው። የተዘጋጀንበት መልስ ነበር። ዓይን የሚያየውን፣ ለምሳሌ አሮጌውን ወጥ ቤትና የደከመውን መስኮት፣ ከዝርዝራችን አውጥተናል። ያስቀመጥነው ዋጋ ስንሰጥ ማንም ሊያየው የማይችለውን ብቻ ነው። ቢሙ፣ እርጥበቱና የወለሉ እንጨት፣ የጣሪያው ድጋፍ፣ የፊውዝ ሳጥኑ። ድምሩ 10,900 ፓውንድ መጣ። የእያንዳንዱን ዋጋ ማስረጃ አያይዘን በአንድ ገጽ ኢሜይል ላክን። ስልሳ ሰባ ገጹን ሪፖርት አልላክንም፤ ማንም አያነበውም።

የ6,800ውን የኬሚካል ዋጋ ይዘን ብንሄድ ብዙ ይቀንሱልን ነበር የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እኔ አልስማማም። የማታምኑበትን ቁጥር ይዛችሁ ስትከራከሩ በሁለተኛው ጥያቄ ትያዛላችሁ። በእውነተኛው ቁጥር ግን ኢንጂነሩ ራሱ ስልክ ቢደወልለት ይመልሳል።

ሻጩ መጀመሪያ 3,000 ብቻ አለ። የኮርኒሱን ቀዳዳ ፎቶ ላክንለት። ቀጥሎ የሚመጣው ገዢም ኢንጂነር ይዞ እንደሚመጣ ኤጀንቱ ገብቶታል መሰለኝ፣ በ8,000 ተስማማን። በመሀል ሁለት አማራጭ ቀርቦልን ነበር፤ ሁለቱንም አልተቀበልንም። አንደኛው ሻጩ ራሱ ይጠግነው የሚል ነው። ሊለቅ የተነሳ ሰው የሚቀጥረው ርካሹን ሠራተኛ ነው፤ ቢሙን በእኛ ኢንጂነር ሥር ማስገባት ይሻለናል። ሁለተኛው ዋጋው ወረቀት ላይ እንዳለ ይሁንና ልዩነቱን በእጅ እንስጣችሁ የሚል። ይህ ጣጣ ነው። ሶሊሲተር የዋጋ ለውጥን ለአበዳሪው ባንክ ማሳወቅ አለበት፤ መደበቁ ማጭበርበር ነው። ባንኩ ቢሙን ሲሰማ ብድሩን እንደገና አየው፤ የኢንጂነሩን ሪፖርት ልከንለት አለፈ።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል፣ የሞርጌጅ ፈቃድ ደግሞ ቀኑ ያልቃል። ከእርጥበቱ ባለሙያ እስከ ካሜራው ሁሉንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀጠሮ ለማስያዝ ሞክሩ። አንድ የጎን ምክር፦ የእቁብ ብር ለዲፖዚት፣ ማለትም ለቅድሚያ ክፍያው፣ ካሰባችሁ ሶሊሲተሩ የገንዘቡን ምንጭ በማስረጃ ይጠይቃል። በጥሬ ገንዘብ የደረሳችሁን እቁብ ማስረዳት ሰርቬዩን ከመጨረስ ይብሳል። እቁቡን በባንክ ተሰብስቡ፣ ዳኛው የአባላቱንና የዕጣውን ዝርዝር ጽፎ ይፈርምላችሁ።

መቼ ነው ጥሎ መሄድ? የባለቤቴ እህት ደቡብ ሎንደን ያገኘችው ቤት ከፎቶው የሚያምር ነበር። ሰርቬዩ ላይ መሠረቱ ድሮ ሰምጦ ከሥር በኮንክሪት ተደግፏል የሚል ወጣ። ያ ራሱ አያስጥልም፤ በደንብ የተደገፈ ቤት ይገዛል። ግን ሻጩ ሥራው በደንብ ማለቁን የሚያሳይ ሰርተፊኬት የለውም፣ ማን እንደሠራውም አያውቅም። የጠየቀቻቸው ኢንሹራንሶች ሁሉ መሠረት መስመጥን አንሸፍንም አሏት። ያ ከሌለ ባንኩ አያበድርም፤ ቢያበድርም ስትሸጥ ገዢዋ ያው ችግር ይገጥመዋል። ለቀቀችው። ለሰርቬዩና ለሶሊሲተሩ የወጣው 2,000 ፓውንድ ገደማ ቀለጠ። እንግሊዝ ውስጥ ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ሁለቱም ወገን መተው ይችላል። ከተለዋወጡ በኋላ ገዢው ቢተው ግን በአብዛኛው ከዋጋው አሥር በመቶ የሆነው ዲፖዚት ይበላል።

ስለዚህ የኢንሹራንሱን ጥያቄ ከውሉ በፊት ጨርሱት። ስንጥቅ፣ ዛፍ ወይም ድሮ የተጠገነ መሠረት ካለ በድረ ገጽ አትመልሱ፤ ደውላችሁ የኢንጂነሩን ቃል አንብቡላቸው። እነሱ የጻፉትን መልስ በኢሜይል ተቀበሉ። እኛ የሸፈነን ኢንሹራንስ ለመሠረት መስመጥ የመጀመሪያውን 1,000 ፓውንድ ከእኛ ያደርጋል፤ ይህ እዚህ የተለመደ ነው።

ከገባን በኋላ ቢሙን አስቀደምን፤ እሱ ሳይገባ መኝታ ቤቱን አልተጠቀምንበትም። ቀጥሎ ግቢውና አሸንዳው። ግድግዳው እስኪደርቅ ጠበቅን፤ እንዲህ ያለ ግድግዳ ለመድረቅ ወራት ይፈልጋል፣ ቶሎ ቀለም ብትቀቡት ይላጣል። የኖራውን ሥራ በጋ አሠራነው፤ ኖራ በውርጭ አይሠራም። የቢሙ የማጠናቀቂያ ሰርተፊኬት ከካውንስሉ ሲመጣ ከስሌቱና ከፎቶዎቹ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስገባነው። የኢንጂነሩንና የእርጥበቱን ሪፖርት፣ የኤሌክትሪኩን ወረቀትም እዚያው አድርጉ። ቤቱን የምትሸጡ ቀን የገዢው ሶሊሲተር የሚጠይቃችሁ እነሱን ነው።